ግዛት ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የፍርደኛው መብት ከማን ጋር ይቀራል?

አንድ ከተማ ከአንድ መንግሥት እጅ ወጥቶ በሌላ መንግሥት እጅ ሲወድቅ ታሪክ ጸሐፊው በቅድሚያ የሚመዘግበው የጦሩን አገባብ፣ የሰንደቅ ዓላማውን መውረድና መውጣት፣ የባለሥልጣኖቹን መሸሽ ነው። የባንኩ ካዝና፣ የባቡር ጣቢያው፣ የወደቡ መጋዘን በማን እጅ እንደገባ በዝርዝር ይጻፋል። በዚያው ከተማ ዳር በግንብ ታጥሮ በሩ ከውጭ የተቆለፈው ግቢ ግን ከመዝገቡ ይቀራል። ሌላው ነዋሪ ጓዙን ጠቅልሎ ሊሸሽ ወይም ደጁን ዘግቶ የሚመጣውን ሊጠብቅ ይችላል፤ መራራም ቢሆን ምርጫ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ያለው ሰው ግን ይህም የለውም። ቁልፉ በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፤ የቁልፉ ያዥ ሲለወጥ የእሱም ዕጣ አብሮ ይለወጣል።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንመረምረው የተነሣነው የዚህን ሰው ጉዳይ ነው። አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። የምንናገረው ስለ ጦር ምርኮኛ አይደለም። ምርኮኛው መሣሪያ ታጥቆ የተሰለፈ ሰው ነው፤ የራሱ የስምምነት ሕግ፣ ስሙን በዝርዝር የሚይዝለት ሠራዊት፣ ጦርነቱ ሲያበቃ የሚጠይቀው መንግሥት አለው። እኛ የምንናገረው በሰላሙ ጊዜ ሰርቆ፣ ተደባድቦ፣ ነፍስ አጥፍቶ፣ ወይም ምንም ሳያደርግ ተጠርጥሮ፣ በራሱ አገር ፍርድ ቤት ትእዛዝ ስለ ታሰረው ተራ ፍርደኛና ቀጠሮ ጠባቂ ነው። ይህ ሰው በሁለቱ መንግሥታት ጠብ ውስጥ እጁ የለበትም። በየትም አገር ቢሆን ወህኒ ቤቱን በአብዛኛው የሚሞላው ጠበቃ የሚቆምበት ገንዘብ ያጣው የድኻ ልጅ መሆኑን ደግሞ የቀበሌ ማኅበር አባላትና ሠርቶ አዳሪው አንባቢያችን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ስለሆነም ጉዳዩ የሕግ ሊቃውንት ብቻ የሚነጋገሩበት ረቂቅ ነገር ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ታሪክን ስንመረምር ገዥዎች በእንዲህ ያለ ጊዜ ፍርደኛውን ከሁለት በአንዱ መንገድ ሲያዩት እናገኛለን። አንደኛው እንደ ሕንፃው አካል ማየት ነው። መጪው መንግሥት ወህኒ ቤቱን ከነግንቡ፣ ከነምጣዱ፣ ከነአልጋው ይረከባል፤ ሰውንም አብሮ ይረከባል። ሁለተኛው እንደ ጓዝ ማየት ነው። ሸሺው ወይም ያዢው ኃይል ፍርደኛውን በመኪና ጭኖ ወደሚመቸው ይወስደዋል። በሁለቱም ዘንድ ሰውየው ይቈጠራል እንጂ አይጠየቅም። የዓለም አቀፉ ሕግ ረጅም ትግል እነዚህን ሁለት ልማዶች ለመግታት የተደረገ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በስምምነት የተደረገ ርክክብን በቅድሚያ እንመልከት። እስፓኝ በአሜሪካ ድል ከተመታች በኋላ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1898 በፓሪስ የተፈረመው ውል ኩባን ከእስፓኝ ሥልጣን ሲያወጣ፣ ፖርቶ ሪኮን፣ ጓምንና ፊሊፒንን ለአሜሪካ ሲያስተላልፍ ስለ ፍርደኞችም ተናግሯል። በውሉ 12ኛ አንቀጽ መሠረት ይግባኝ የማይባልባቸው የወንጀል ፍርዶች የጸኑ ሆነው በየግዛታቸው ባለው ባለሥልጣን እንዲፈጸሙ ተወሰነ። በማድሪድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቀጠሮ ላይ የነበሩት ጉዳዮች እዚያው ተፈርደው አፈጻጸማቸው ነገሩ ለተነሣበት ስፍራ ባለሥልጣን እንዲተላለፍ ተደረገ። በ6ኛው አንቀጽ ደግሞ እስፓኝ በኩባና በፊሊፒን ከተነሡት ዐመፆች ጋር በተያያዘ በፖለቲካ ምክንያት ያሰረቻቸውን ሁሉ እንድትፈታ ተገደደች። እንግዲህ በዚያ ዘመን እንኳ ተራው ፍርድና የፖለቲካ ፍርድ ተለይተው መታየት እንዳለባቸው የታወቀ ነበር፤ የአሮጌው ገዥ ጠላት የነበረ ሰው አሮጌው ገዥ ሲሄድ የሚታሰርበት ምክንያት አይኖርም። ይሁን እንጂ የኩባና የፊሊፒን ሕዝብ ተወካዮች በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አልተቀመጡም። ውሉ በተፈረመ በጥቂት ወራት ውስጥ ፊሊፒናውያን ከአዲሱ ገዥ ጋር ጦርነት ገጠሙ፤ ወህኒ ቤቶቹም እንደገና ሥራ አገኙ።

ለሰላማዊ ርክክብ ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ ሆኖ ያገኘነው የሆንግ ኮንግ ጉዳይ ነው። እንግሊዝና ቻይና እ.ኤ.አ. በ1984 በተፈራረሙት የጋራ መግለጫ መሠረት ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1997 ለቻይና ስትመለስ አንድም ጥይት አልተተኰሰም። ሁሉ ነገር ለዓመታት ተጠንቷል፤ ኮሚቴ በኮሚቴ ላይ ተቀምጧል። ነገር ግን በወህኒ ቤቶቹ ውስጥ ማንም በቀላሉ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ ነበር። በቅኝ ግዛቱ ሕግ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላቸው ነፍስ በማጥፋት የተፈረደባቸው ልጆች የተወሰነ ዓመት አይቈረጥባቸውም ነበር። የፍርዱ ቃል «በግርማዊቷ ፈቃድ ይታሰር» የሚል ነው። መቼ እንደሚፈታ የሚያውቀው የንግሥቲቱ እንደራሴ ብቻ ነው። እንግዲህ ንግሥቲቱ ከዚያች ሌሊት በኋላ በዚያ ምድር ላይ ሥልጣን የላትም። ታዲያ እስረኛው የሚቀመጠው በማን ፈቃድ ነው? የታሰረበት ፈቃድ ባለቤት ከሄደ በሩ ይከፈት ይሆን? ወይስ ፈቃዱ ከነወንበሩ ለመጪው ሹም ይተላለፋል?

የተሰጠው መልስ ሁለተኛው ነበር። ከርክክቡ ዋዜማ በፊት በወጣ ሕግ እስራቱ የአስፈጻሚው አካል ፈቃድ እስራት ተብሎ ስሙ ተለወጠ፤ ረጅም ፍርዶችን የሚመረምር ቦርድ ተቋቋመ፤ የመጨረሻውን አነስተኛ የእስራት ዘመን የመወሰን ሥልጣን ግን ለአዲሱ የግዛቱ ዋና አስተዳዳሪ ተሰጠ። ስሙ ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው። በልጅነታቸው ገብተው በወህኒ ጐልማሳ የሆኑት እስረኞች ግን ዝም አላሉም። ጉዳያቸውን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወሰዱ፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2002 የአንድን ሰው የቅጣት ዘመን መወሰን የዳኛ ሥራ በመሆኑ ለአስተዳዳሪ መስጠቱ የግዛቱን መሠረታዊ ሕግ ይፃረራል ሲል ፈረደ። ማለትም አሮጌው የቅኝ ግዛት ልማድ በአዲሱ ሥርዓት መሠረታዊ ሕግ ተለክቶ ጐድሎ ተገኘ። ይህን ለማግኘት ከርክክቡ በኋላ አምስት ዓመት ፈጅቷል። አምስት ዓመት ለመንግሥታት አጭር ነው፤ በክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ግን ስንት ቀን እንደሆነ ለመቍጠር ጣት አይበቃም።

በዚያው በ1997 ሐምሌ ወር ሌላ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ችሎታቸው ከርክክቡ በፊት የተጀመረ ተከሳሾች የተከሰስንበት የእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ ከእንግሊዝ ጋር አብሮ ሄዷል፤ ስለዚህ ክሱ የቆመበት መሬት የለውም ሲሉ ተከራከሩ። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በወሩ መጨረሻ አልተቀበላቸውም፤ ሕጉም፣ ፍርድ ቤቶቹም፣ በቀጠሮ ያሉት ክሶችም ሳይቋረጡ ይቀጥላሉ አለ። ውሳኔው ተገቢ ይመስለናል። ሰንደቅ ዓላማ በተለወጠ ቍጥር ፍርድ ሁሉ የሚሻር ቢሆን ኖሮ የተበደለውም ወገን፣ የተሰረቀውና የተገደለበትም ሰው አብሮ በተበደለ ነበር። የፍርደኛ መብት ሲባል ሁሉም ይፈታ ማለት አይደለም። ፍርዱ በቆመበት ልክ እንዲቆም፣ እንዳይጨመርበት፣ ይግባኙ እንዳይቋረጥ፣ የቈጠረው ቀን እንዲቈጠርለት ማለት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴም በዚያው በ1997 ያወጣው 26ኛ አጠቃላይ አስተያየት ለዚህ መሠረት የሚሆን ሐሳብ ይዟል። በሲቪልና በፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የተረጋገጡት መብቶች የዚያ ምድር ነዋሪ ሕዝብ ናቸው፤ መንግሥት ቢለወጥ፣ አገር ቢከፈል፣ ግዛቱ ወደ ሌላ መንግሥት ቢተላለፍ መብቶቹ ከግዛቱ ጋር ይጓዛሉ እንጂ ከሄደው መንግሥት ጋር አይሄዱም የሚል ነው። ይህ አሳብ ሥልጣን የገዥ ርስት ነው ከሚለው አሮጌ እምነት ምን ያህል እንደሚርቅ ልብ ይሏል።

በአንጻሩ ሰው ሳይጠየቅ በስምምነት የሚከፋፈልበትም ጊዜ አለ። ሕንድና ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1947 ከተለያዩ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት እስረኞቻቸውን ለመለዋወጥ ሕግ አውጥተው ነበር። መለያው ሃይማኖት ነው፤ እስላም የሆነው ወደ ፓኪስታን፣ ሂንዱውና ሲኩ ወደ ሕንድ። ጥቂት ቈይቶም የአእምሮ ሕሙማን እንደዚሁ ተለዋወጡ። ለብዙዎቹ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ በዚያ የደም ጐርፍ ዘመን በማዶ መቅረት ሞት ነበርና። መነሻው ግን አንድን እስረኛ የየትኛው አገር ሰው እንደሆነ የሚናገርለት ራሱ ሳይሆን ዝርዝሩን የያዘው ጸሐፊ መሆኑ ነው።

አሁን በኃይል ወደ ተያዙ ግዛቶች እንለፍ። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ፋሺስት ጣልያን አዲስ አበባን በያዘ በቀናት ውስጥ፣ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት ማቋቋሙን በሮም ዐወጀ፤ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና የጣልያን ሶማሊያም በአንድ ስም ተጠቃለሉ። አዋጁ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ኢትዮጵያውያን በጅምላ ሲታፈሱ ከፊሉ በሶማሊያ ጠረፍ ወደሚገኘው ዳናኔ፣ ከፊሉ በቀይ ባሕር ዳህላክ ደሴቶች ወደምትገኘው ኖክራ ተጓዙ። በወራሪው ሒሳብ ይህ ሁሉ «በአንድ ግዛት ውስጥ» የተደረገ ዝውውር ነው። መኳንንቱና ባለሟሎቹ ደግሞ ባሕር ተሻግረው በአዚናራ ደሴትና በሌሎች የጣልያን ስፍራዎች ታሰሩ። ራስ እምሩ በፖንዛ ደሴት ተቀመጡ። ልዕልት ሮማነ ወርቅ ኃይለ ሥላሴም ከልጆቻቸው ጋር ተወስደው በ1933 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በቱሪን ከተማ አረፉ። ፖንዛን በተመለከተ ታሪክ የራሷ ቀልድ አላት፤ ሙሶሊኒ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1943 ከሥልጣን ሲወርድ በቅድሚያ ከታሰረባቸው ስፍራዎች አንዷ ይህችው ደሴት ናት።

በቋንቋችንም ውስጥ የቀረ ነገር አለ። እስከ ዛሬ በከተማችን ወህኒ ቤትን «ከርቸሌ» የምንለው ከጣልያንኛ ተወስዶ ነው። «ዓለም በቃኝ» የሚባለው የአዲስ አበባው ከርቸሌ ከጣልያን በፊት ነበረ፤ በጣልያን ዘመን አገለገለ፤ ጣልያን ከወጣ በኋላም ሥርዓት በሥርዓት ላይ ሲፈራረቅ በሩ አልተዘጋም። በመጨረሻ ፈርሶ በስፍራው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ቆሞበታል።

ጀርመን ናዚም በአውሮፓ የያዛቸውን አገሮች ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1941 ዲሴምበር ወር «ሌሊትና ጭጋግ» በተባለው ትእዛዝ በስውር ወደ ጀርመን ወስዶ ለቤተሰባቸው የት እንዳሉ እንኳ እንዳይነገር ያደርግ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ መንግሥታት እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1949 በጄኔቫ የተፈራረሙት አራተኛው ስምምነት፣ ሰላማዊ ሰዎችን የሚጠብቀው ማለታችን ነው፣ ይህን የመሰለ መከራ ተመልክቶ የተጻፈ ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1969 አጽድቃዋለች። ለጉዳያችን የሚያስፈልጉት አንቀጾች ጥቂት በመሆናቸው ሠራተኛው አንባቢ በቀላሉ ሊይዛቸው ይችላል።

በ64ኛው አንቀጽ መሠረት የተያዘው አገር የወንጀል ሕግ በመሠረቱ ሥራ ላይ ይቆያል። በ70ኛው፣ ያዢው ኃይል ግዛቱን ከመያዙ በፊት ለተደረገ ድርጊት ወይም ለተነገረ አሳብ ማንንም ሊያስርና ሊቀጣ አይችልም፤ የጦርነትን ሕግ የጣሰ ብቻ ይለያል። 76ኛው ከሁሉ ይልቅ ለፍርደኛው የቀረበ ነው። የተከሰሰው በተያዘው አገር ውስጥ ይታሰራል፤ የተፈረደበትም ፍርዱን እዚያው ይጨርሳል። ምግቡና ንጽሕናው በዚያ አገር ወህኒ ቤቶች ከነበረው አያንስም፤ ሴቶች ከወንዶች ተለይተው በሴት ጠባቂ ሥር ይሆናሉ፤ በወር ቢያንስ አንድ የርዳታ ጥቅል የመቀበል መብት አለው። 77ኛው ደግሞ ይዞታው ሲያበቃ ያዢው ኃይል እነዚህን ሰዎች ከነመዝገባቸው ነፃ ለወጣው ግዛት ባለሥልጣኖች ማስረከብ አለበት ይላል። ከነመዝገባቸው የሚለውን ቃል አንባቢ ያስምርበት፤ እንመለስበታለን።

ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ በዘመናችን የሆነውን እንመልከት። ሩስያ እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2014 ክሬሚያን ከግዛቷ ጋር መቀላቀሏን በውል ስታውጅ በባሕረ ገብ መሬቱ ላይ በዩክሬን ፍርድ ቤቶች የተፈረደባቸው እስረኞች ነበሩ። አዲሱ ሥልጣን የክሬሚያን ነዋሪ ሁሉ የሩስያ ዜጋ አድርጎ ቈጠረ። ይህን የማይፈልግ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ቀርቦ እንዲያስታውቅ ተባለ። ቢሮዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ሰልፉም ረጅም ነበር። ለነፃው ሰው እንኳ ያስቸገረ ነገር ለእስረኛው ምን እንደነበረ መገመት አያዳግትም። ሄዶ ሊሰለፍ አይችልም፤ ወሩ ሲያልቅ በክፍሉ ውስጥ እንደ ተቀመጠ የሌላ አገር ዜጋ ሆኖ አደረ። ዜጋ ከሆነ ደግሞ የዩክሬን ቆንስል ሊጠይቀው አይችልም ተባለ። የፊልም ዳይሬክተሩ ኦሌግ ሴንትሶቭ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ግንቦት ወር በሲምፈሮፖል ተይዞ፣ በሩስያዋ ሮስቶቭ ከተማ 20 ዓመት ተፈርዶበት፣ በያማል ምድር ወደምትገኘው ላቢትናንጊ ወህኒ ቤት ተላከ። የዩክሬን ሰው ነኝ ቢልም የሩስያ ዜጋ ነህ ተብሎ ቆንስል ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ለ145 ቀናት የረኀብ አድማ አደረገ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሴፕቴምበር ወር በእስረኞች ልውውጥ ወጣ። የክሬሚያ ታታሮች መሪ የሆነው አኽቴም ቺይጎዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ስምንት ዓመት የተፈረደበት ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2014 በተደረገ ሰልፍ ምክንያት ነው። ሰልፉ የተደረገው የመቀላቀሉ ውል ከመፈረሙ ሦስት ሳምንት ያህል ቀድሞ፣ አንዱ ዩክሬናዊ በዩክሬን ምድር ላይ በዩክሬን ሕግ ሥር ሳለ ነበር። 70ኛውን አንቀጽ ላነበበ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

እነዚህ ሁለቱ ስማቸው በዓለም የተሰማ ናቸው። ስማቸው ያልተሰማው ተራ ፍርደኞች ግን ወደ ሩስያ ወህኒ ቤቶች ሲላኩ የቀረበው ምክንያት በክሬሚያ ለሴቶች፣ ለወጣት ጥፋተኞችና ለዕድሜ ልክ እስረኞች የሚሆን ልዩ ስፍራ የለም የሚል ነበር። ምክንያቱ የቤት እጥረት ይመስላል። ቤት የጐደለው ግን የተያዘው ግዛት ከተቀረው የዩክሬን ምድር ተቈርጦ ስለ ቀረ ነው፤ ግድግዳውን ያቆመው ሰው በሩ ጠፋብኝ ማለቱ ነው። በሩስያኛ የእስረኞች ጉዞ «ኤታፕ» ይባላል። ቃሉን የሚያውቅ ያገሩ ሰው ሲሰማው ፊቱ ይለወጣል፤ እስረኛው በተዘጋ ባቡር ለሳምንታት ሲጓዝ ቤተሰቡ የት እንደደረሰ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከደረሰ በኋላ ነውና። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2024 በሰጠው ፍርድ ይህን ዝውውር ሕገ ወጥ ሆኖ አግኝቶታል፤ ሩስያም የተወሰዱትን እስረኞች በተቻለ ፍጥነት በደኅና እንድትመልስ አዝዟል። ሩስያ አስቀድማ ከስምምነቱ አባልነት የወጣች በመሆኗ ለፍርዱ አልተገዛችም።

የኬርሶን ነገር ከዚህም ይከፋል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2022 ማርች ወር መጀመሪያ በሩስያ ጦር እጅ ስትወድቅ በከተማዋና በአካባቢዋ ያሉት ወህኒ ቤቶች ከነእስረኞቻቸው ተያዙ። በዚህ ላይ ለአንድ ወገን ብቻ ልንፈርድ አንሻም፤ እስረኞቹን አስቀድሞ ወደ ውስጥ ያላሸሸው መንግሥትም ቁልፉ በእጁ ሳለ በፍርደኞቹ ፊት የነበረበት ኀላፊነት ቀላል አልነበረም። በሴፕቴምበር 30 ሩስያ ኬርሶንንም ጠቀለልሁ አለች። በኖቬምበር ግን ከዲኒፕር ወንዝ ቀኝ ዳርቻ ለመሸሽ ተገደደች፤ ስትሸሽም ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ፍርደኞችን ወንዙን አሻግራ፣ በክሬሚያ በኩል አሳልፋ ወደ ሩስያ ደቡብ ወህኒ ቤቶች ወሰደቻቸው። የተኩሱ አደጋ ነው ሊባል ይችላል። የስምምነቱ 49ኛ አንቀጽ ለሰው ደኅንነት ሲባል ጊዜያዊ ማሸሽን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በቁሳዊ ምክንያት የማይቻል ካልሆነ በቀር ከተያዘው ግዛት ማስወጣትን አይፈቅድም፤ በአካባቢው ውጊያው እንዳበቃም ሰዎቹ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ያዝዛል። ግዛቱን ጠቅልለነዋልና ከአንዱ ክፍለ ሀገራችን ወደ ሌላው አዛወርናቸው የሚለውም ክርክር 47ኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ይወድቃል፤ ግዛት መጠቅለል በስምምነቱ የተጠበቀውን ሰው ከጥበቃው አያወጣውም። ሙሶሊኒ በ1928 ዓ.ም. የተናገረው «የአንድ ግዛት» ሒሳብ ይኸው ነበር።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ መዝገብህ አልተገኘም ተብሎ የተመላለሰ ሰው ይህን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም። የፍርደኛ መብት በአብዛኛው ያለው በወረቀት ላይ ነው። መቼ ተያዘ፣ ስንት ተፈረደበት፣ በቀጠሮ የቈየው ቀን ታስቦለታል ወይ፣ ይግባኙ የት ደርሷል፣ በአመክሮ የሚፈታበት ቀን መቼ ነው፤ ይህ ሁሉ በአንድ ዐቃፊ ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል። ሰውየውን ወስዶ መዝገቡን መተው፣ ወይም መዝገቡን ይዞ ሰውየውን መተው፣ ሁለቱም ፍርዱን መጨመር ነው። ኬርሶን ሲለቀቅ ሰዎቹ ወደ ምሥራቅ ሄዱ፤ የፈረዱባቸውና ይግባኛቸውን የሚሰሙት ፍርድ ቤቶች ግን በምዕራብ ናቸው። የዩክሬን ሕግ በመሐሉ ቅጣት ቢያቀልላቸው እንኳ የሚነግራቸው የለም፤ በሩስያ ወህኒ ቤት የሚቈጠርላቸው በሩስያ ሕግ ነው። እናት ልጇን ልትጠይቅ ብትሻ በሁለቱ አገሮች መካከል የጦር ግንባር አለ። በወር አንዷን ጥቅል ማን ያደርሳታል?

የፍርዱ ዘመን ሲያልቅ ደግሞ አዲስ መከራ ይጀምራል። በኃይል ተጭኖ ድንበር የተሻገረው ሰው ከወህኒ ቤት በር ሲወጣ በፖሊስ እንደገና ይያዛል፤ ክሱም ያለ ፈቃድ በሩስያ ምድር መገኘት ነው። በወታደር መኪና ያስገባው መንግሥት በምን ፈቃድ ገባህ ብሎ ይጠይቀዋል። ተከሶ፣ የባዕድ ዜጎች ማቈያ ውስጥ ለወራት ተቀምጦ፣ ከአገር ይውጣ ተብሎ ይወሰንበታል። የሩስያን ፓስፖርት ውሰድ የሚል ግፊትም የደረሰባቸው አሉ፤ ፓስፖርቱን የወሰደ ወንድ ደግሞ በገዛ ወንድሙ ላይ ሊዘምት የሚጠራበት በር ይከፈታል።

ወደ ዩክሬን የሚያሻግር ቀጥተኛ መንገድ ባለመኖሩ ከተባረሩት ብዙዎቹ በካውካስ ተራሮች በኩል ወደ ጆርጅያ ድንበር ተወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2025 ክረምት በዳሪያሊ የድንበር ኬላ፣ ጆርጅያ እንዳታስገባቸው ሰነድ የላቸውም፣ ሩስያ እንዳትመልሳቸው አባርራቸዋለች፤ በርካታ ዩክሬናውያን በአንድ ምድር ቤት ውስጥ ተጨናንቀው ለሳምንታት ተቀመጡ። ከመካከላቸው በሞልዶቫ በኩል ዞረው አገራቸው የገቡ ይገኙባቸዋል። ከኬርሶን የተወሰዱት ፍርደኞች ከሩስያ ወህኒ ቤት ሲወጡ ብዙዎቹ በእጃቸው የነበረው አንድ የመፈቻ ወረቀት ብቻ ነበር፤ እሱም በሩስያኛ የተጻፈ፣ የተፈረደባቸውን የዩክሬን ፍርድ ቤት ማኅተም ያልያዘ ነው።